ማስተርሱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራው ግን በጀርመንኛ

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አቃንቼዋለሁ። በመሃል የተነሱ ጥያቄዎችንም አስገብቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የፈረንጆቹ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ውጭ ሀገር ተምሮ ሥራ መያዝ» የሚል ነበር። ግን «ውጭ ሀገር» የሚባል ሀገር የለም። ካናዳ ሌላ ነው፣ ቻይና ሌላ ነው። ሕጉም ገንዘቡም ለየቅል ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጀርመን ብቻ ነው። የተማርኩትም የምሠራውም እዚያ ነው።

የእኛ ሰው ጀርመን መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ መነኩሴ በ1652 ከሮም ተጠርተው ጎታ በምትባል ከተማ፣ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ነበር። የሄዱት ግን ለመማር አልነበረም። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለውን ምሁር ግዕዝና አማርኛ ሊያስተምሩ ነው። እኛ አስተማሪ ሆነን ነው የጀመርነው ማለት ነው፤ ይህቺን ቪዛ ክፍል ውስጥ ስትጨነቁ አስታውሷት። ከእሳቸው በኋላ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወጥቶ በርሊን ሕክምና ተማረ። ተመልሶ ስለ ሀገሩ ኢኮኖሚ የጻፈውን እስከ ዛሬ እንጠቅሳለን።

ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ ሳያውቅ በርሊን መማር አይችልም ነበር። እናንተ ግን «ጉተን ታግ» እንኳ ሳትሉ ገብታችሁ፣ በእንግሊዝኛ ተምራችሁ፣ ማስተርሳችሁን ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ብዙዎቻችሁ ይህን እንደ ዕድል ነው የምታዩት። እኔ ደግሞ ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው ባይ ነኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ገንዘብ።

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። በአብዛኛው እውነት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት በየሴሚስተሩ የሚከፈል የተማሪ መዋጮ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የትራንስፖርት ትኬቱን ይጨምራል። ግን ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ሃይድልበርግ፣ ሽቱትጋርትና ካርልስሩኸ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ ማስከፈል ጀምሯል፤ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ። ከማመልከታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ።

የግል ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ጥሩ ጥሩዎች አሉባቸው። ነገር ግን አንድ ኤጀንሲ ቢሮ ገብታችሁ «በሳምንት ውስጥ አድሚሽን እናመጣለን» ከተባላችሁ፣ የሚመጣው አድሚሽን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከአንዱ ነው። ክፍያው ለኪሳችሁ አይሆንም፣ ኤጀንሲውም ከሁለት ወገን ይበላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደላላ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ የውጭ ተማሪን ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩኒ አሲስት በሚባል ድርጅት በኩል ነው። ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ትከፍላላችሁ። በቃ። ከዚህ በላይ የጠየቃችሁ ሰው ፎርም ለመሙላት ነው የሚያስከፍላችሁ። ዲግሪ የያዘ ሰው ደግሞ ፎርም መሙላት አያቅተውም።

ስለ ነጥብ ላውራ፣ ምክንያቱም ሁሌም ግር የሚያሰኘው እሱ ነው። እኛ ዘንድ 4.0 ያመጣ ሜዳሊያ ይጠልቅለታል። ጀርመን 4.0 ያመጣ በጭንቅ አለፈ ነው የሚባለው። ምርጡ 1.0 ነው። ስለዚህ ነጥባችሁን ይገለብጡታል። ሒሳቡን አሁን ስልካችሁ ላይ ሞክሩት፦ ከ4 ላይ የራሳችሁን ነጥብ ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩበት። 3.6 ያለው 1.6 ይሆናል። 3.2 ያለው 2.2። 3.0 ያለው ልክ 2.5 ላይ ያርፋል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች በራቸውን የሚዘጉት እዚያው 2.5 ላይ ነው። ለዚህ ነው 3.05 እና 2.95 እዚህ ምንም የማይለያዩ መስለው እዚያ ሲደርሱ አንዱ ገብቶ አንዱ የሚቀረው። ከ3.0 በታች ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ወደ ተግባር ያደሉ፣ ሆኽሹለ የሚባሉ የትምህርት ተቋማት አሉ። ከእነሱ ውስጥ የሥራ ልምድን ከነጥብ ጋር አብረው የሚመዝኑ ፕሮግራሞች ታገኛላችሁ።

ደግሞ አብዛኞቻችሁ አሁን በእጃችሁ ያለው ቴምፖራሪ ነው አይደል? (ሳቅ።) ኮስት ሼሪንጉን ሳትጨርሱ ዋናው ዲግሪ አይወጣም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ያንኑ ያህል ያጉላላል። ከዚያ ማረጋገጫው፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ። ይህ ሁሉ ወራት ይበላል። አድሚሽን ከመጣ በኋላ እጀምራለሁ ያለ ሰው ነው የሚቃጠለው።

አሁን ትልቁ ብር። ጀርመን ለተማሪ ቪዛ ከመስጠቷ በፊት ለአንድ ዓመት የምትኖሩበት ገንዘብ እንዳላችሁ ማየት ትፈልጋለች። ብሎክድ አካውንት የምትሉት እሱ ነው። ከመስከረም 2024 ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ክፍያ አይደለም፣ ማንም አይወስድባችሁም። የራሳችሁ ገንዘብ ነው። እዚያ ስትደርሱ በየወሩ 992 እየተለቀቀ ይሰጣችኋል። ግን መጀመሪያ ሙሉውን ማስገባት አለባችሁ። ሐምሌ 2024 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ዩሮ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መኪና ሸጦ ልጁን ሊልክ ያሰበ ቤተሰብ ዛሬ መኪናዋ አትበቃውም።

ሌላ መንገድ አለ ወይ? ሁለት አለ። አንደኛው ጀርመን የሚኖር ሰው ኃላፊነት ሲፈርምላችሁ ነው። ዘመድ ካላችሁ በቀላሉ እንዳታዩት። የፈረመው ሰው እናንተ መንግሥት ላይ ወጪ ብታስከትሉ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከኪሱ ይከፍላል። ደመወዙን መሥሪያ ቤት አቅርቦ ነው የሚፈርመው። «አጎቴ አይፈርምልኝም፣ ጨካኝ ነው» የሚል ልጅ ሰምቻለሁ። አጎትየው ጨካኝ ላይሆን ይችላል። ልጆች ያሉት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው።

ሁለተኛው ስኮላርሺፕ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳአድ የምንለው፣ አዲስ አበባም ቢሮ አለው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ከልማት ጋር ለተያያዙ ማስተርሶች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከምርቃት በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪው ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ስለዚህ አምና ተመርቃችሁ ዘንድሮ አመልክታችሁ ባይሳካ አትገረሙ። ወረዳ ውኃ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ከእናንተ ትቀድማለች። ሥራ ፈልጉ፣ ሁለት ዓመት ሥሩ፣ ከዚያ ኑ። ያቺ ወረዳ የተሰለቸች ሥራ እዚያ ሲመለከቷት ወርቅ ናት።

(«992 ዩሮ ይበቃል?» አለች አንዲት ልጅ ከፊት ረድፍ።)

ጎበዝ። እንደ ከተማው ነው። ሙኒክ ከሆነ ክፍሉ ብቻ ከግማሽ በላይ ይበላባታል። ላይፕዚግ ወይም ኬምኒትስ ከሆነ ትተርፋለሽ። ኪራዩን ከከፈልሽ በኋላ የጤና መድን አለ። ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው፤ 30 ካለፈ ይጨምራል። የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ የሚባል አለ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ በየቤቱ። ቴሌቪዥን የለኝም ብትዪ አይሰሙሽም። ከዚያ ስልክ፣ ምግብ፣ የክረምት ጃኬት። የተማሪ ዶርም ካገኘሽ ይበቃል። ዶርሙ ግን ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ወረፋው ሴሚስተሮችን ይፈጃል። ስለዚህ አድሚሽኑ በመጣ ዕለት፣ ቪዛ ሳይመጣ፣ ዶርም ማመልከት ነው።

ከአውሮፕላን ስትወርዱ የሚጠብቃችሁ ወረቀት ነው። የቤት አድራሻ ስታገኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ። ለመመዝገብ አከራዩ የፈረመው ወረቀት ያስፈልጋል። ሳይመዘገቡ የግብር ቁጥር የለም፣ ባንኩም ያጉላላችኋል። አከራዩ ደግሞ አንዳንዴ ባንክ ከሌለህ አላከራይም ይላል። እንግዲህ ዙሩን ፍቱት።

አንድ የማውቀው ልጅ ለሦስት ወር ከሌላ ተማሪ ክፍል ተከራይቶ ገባ። ምዝገባውን ጨረሰ፣ የባንክ አካውንት ከፈተ። ባንኩ ካርዱን በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩን በሌላ ፖስታ ነው የሚልከው። ካርዱም አልመጣ፣ ቁጥሩም አልመጣ። የግብር ቁጥሩም እንደዚያው። ልጁ ደወለ፣ ጮኸ፣ ሄደ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የሕንፃው የፖስታ ሳጥን ላይ የተለጠፈው የዋናው ተከራይ ስም ብቻ ነው። ፖስተኛው ስም ካላየ ሳጥን ውስጥ አይከትም፤ ወደ ላኪው ይመልሰዋል። እዚህ ቢሆን ጥበቃውን «የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ያደርስ ነበር። ልጁ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ በፕላስተር ለጠፈ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፖስታው መጉረፍ ጀመረ። ስለዚህ ቤት እንደገባችሁ፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ ስማችሁን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ፓስፖርት ላይ ባለው አጻጻፍ። አባትም አያትም ጨምራችሁ።

ቴርሚን የምትለውንም ቃል ከአሁኑ ልመዱ፤ ቀጠሮ ነው። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ያለ ቴርሚን አይነኩትም፣ ቴርሚኑም ብዙ ከተማ ውስጥ ወራት ይርቃል። ቪዛችሁ ሳያልቅ ማመልከታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ካመለከታችሁ ሕጋዊ ናችሁ፣ እስከ ውሳኔው የሚያቆይ ወረቀት ይሰጧችኋል። ሳታመለክቱ ካለቀ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ትምህርቱን አሳጥሬ ልለፈው፤ ጎበዞች ናችሁ። ሁለት ነገር ብቻ። አብዛኛው ኮርስ አንድ ፈተና ነው፣ መጨረሻ ላይ። አሳይመንት፣ ኩዊዝ፣ ሚድ ብሎ ነጥብ ማጠራቀም የለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ አንድን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል፤ ያንኑ ትምህርት ሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለመቀጠልም መንገዱ ይዘጋበታል። ሁለት ጊዜ ከወደቃችሁ ሦስተኛውን በዘፈቀደ አትግቡበት።

አሁን ወደ ሥራው። ከ2024 መጋቢት ጀምሮ የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ሴሚስተር እየተካሄደ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትም በዚሁ ይታሰባል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፕሮፌሰር ጋ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት ከቀኑ አይቆጠርም፤ ይቺን አስምሩባት። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2025 12.82 ዩሮ ነበር፣ ከጥር 2026 ጀምሮ 13.90 ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ከሠራችሁ ከተቆራጭ በፊት በወር ወደ 1,200 ዩሮ ትደርሳላችሁ።

ይህ ቁጥር ነው ልጆቻችንን የሚያሳስታቸው። መጋዘን ሌሊት ካርቶን ማንሳት ወዲያው ይገኛል፣ ቋንቋ አይጠይቅም፣ አበሻ ወንድምህ ያስገባሃል። ቬርክሽቱደንት የሚባለው፣ በራስህ ሙያ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራው የተማሪ ሥራ፣ ክፍያው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ግን ለማግኘት ሰላሳ፣ አርባ ቦታ ማመልከት አለ። ስለዚህ ልጁ መጋዘኑን ይመርጣል። ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለቱም ተመረቁ። አንደኛው ሲቪው ላይ «ሁለት ዓመት፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ እዚህ ኩባንያ» ብሎ የሚጽፈው አለው፣ የሚመሰክርለት የጀርመን አለቃ አለው፣ ብዙ ጊዜ ያው ኩባንያ ነው የሚቀጥረው። ሌላኛው ማስተርስ አለው፣ የወገብ ሕመም አለው። መጋዘን ውርደት ነው አላልኩም። የመጀመሪያውን ክረምት የምትሻገሩበት ከሆነ ግቡ። ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ግን አሁንም እዚያው ካላችሁ ማስተርሱ ለምን እንዳስፈለጋችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለምንድን ነው ቬርክሽቱደንቱ የማይገኘው? ቋንቋ። ወደ ጀመርኩበት ደረስኩ።

የሥራ ማስታወቂያዎቹን ዛሬ ማታ ከፍታችሁ አንብቡ። መጨረሻቸው ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በንግግርም በጽሑፍም በጣም ጥሩ ጀርመንኛ።» ሲቪል ኢንጂነር ነህ? ተቋራጩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የግንባታ ደንቡ በጀርመንኛ ነው። አካውንታንት ነሽ? የግብር ሕጉ በጀርመንኛ ነው። ሐኪም ከሆናችሁማ ፈቃድ ለማግኘት የሕክምና ጀርመንኛ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። በርሊን ያሉ የሶፍትዌር ኩባንያዎች በእንግሊዝኛ ይሠራሉ፣ ልክ ነው። ግን እነሱ ጋ ከዓለም ሁሉ ጋር ነው የምትወዳደሩት።

ተቀጥራችሁም አያልቅም። ስብሰባው ለእናንተ ሲባል በእንግሊዝኛ ይጀመራል። ሁሉም ጨዋ ናቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ሁለቱ ይከራከራሉ፣ ክርክሩ ወደ ጀርመንኛ ይገባል፣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ማንም አልበደላችሁም፤ እኛም አራት አበሾችና አንድ ፈረንጅ ብንሆን ያው ነበር። መጨረሻ ላይ አንዱ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ ያሳጥርላችኋል፣ «ወደ ሰኞ አዛውረነዋል» ይላል። ለምን እንደተዛወረ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ማን እንደተናደደ አታውቁም። ምሳ ሰዓት «ማልትሳይት»፣ መልካም ምሳ፣ ተባብለው ሲወጡ ደግሞ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ገበታ ላይ ነው። እዚያ ገበታ ላይ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው እድገት ሲሰጥ አይታወስም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። የጀርመንኛን የመጀመሪያ ሁለት ደረጃዎች፣ ኤ1 እና ኤ2ን፣ እዚሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። ቪዛ ስትጠብቁ የምታባክኑት ጊዜ ለዚህ ይበቃል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቀጣዩን ደረጃ ቢ1፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳትጀምሩ ቢ2። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተማሪ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ፤ ክፍሉ ግን ቶሎ ይሞላል። አበሻ ጋ አብሮ መኖርን በተመለከተ፣ እኔ አልከለክልም። ፍራንክፈርት እንጀራው አለ፣ ኮሎኝ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በአሥር ሰዓት ሲጨልም ሰው የሚያድነው ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድን ከወገን ጋር አሳልፉ። የምትኖሩበትን ቤት ግን ጀርመንኛ የሚነገርበት ብታደርጉት ኮርስ አያስፈልጋችሁም ነበር።

ከተመረቃችሁ በኋላ ሕጉ ደግ ነው። ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ይሰጣችኋል። በዚያ ጊዜ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ሥራ እየሠራችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ግን አይታደስም። በሙያችሁ ሥራ ስታገኙ፣ ደመወዙ ከመነሻው በላይ ከሆነ፣ ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ መኖሪያ ፈቃድ ታገኛላችሁ። በ2025 መነሻው በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር። ከተመረቀ ሦስት ዓመት ላልሞላው ግን ወደ 43,760 ይወርድለታል። በየዓመቱ ስለሚቀየር የዘመኑን እዩ። ብሉ ካርድ ይዞ ቢ1 ጀርመንኛ ያለው በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። ኤ1 ብቻ ያለው 27 ወር ይጠብቃል። አያችሁ፣ ቋንቋ እዚህም ስድስት ወር ትገዛለች።

ዜግነት ከአምስት ዓመት በኋላ ይጠየቃል። ጀርመን ከ2024 ወዲህ የቀድሞውን ፓስፖርት መልሱ አትልም። የእኛ ሀገር የዜግነት አዋጅ ግን ሌላ ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። ከዚያ በኋላ የምትመጡት በቢጫ ካርድ ነው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። ብዙ ነገር ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከንቱ ነው፣ ሲደርስ ያስበዋል።

(ጥያቄዎች ተነሱ። አንድ ልጅ «ሶሺዮሎጂ ነው ያጠናሁት፣ ተስፋ አለኝ?» አለ።)

አለህ። ግን ካንተ የሚጠበቀው ቋንቋ ከኢንጂነሩ በላይ ነው። የስደተኞች አገልግሎት፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የከተማ አስተዳደር ሁሉ ከሰው ጋር የሚነጋገር ባለሙያ ይፈልጋሉ። አማርኛና ትግርኛ መቻልህ ራሱ እዚያ የሚፈለግ ነው። ቢ2 ሳትይዝ ግን አትሂድ።

(ከኋላ ረድፍ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሃል። ልጄን ለመላክ ያለኝን አሟጥጫለሁ። ታናናሾች አሉት። መቼ ነው እነሱን ማገዝ የሚጀምረው?»)

አባቴ፣ ይህን ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ልጆቹ አፍረን የማንናገረውን ነው ያነሱት። በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ደመወዝ አይደለም፣ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ለእሱ ቀለብና ኪራይ በጭንቅ ትደርሳለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ መንግሥት መኖሪያ ፈቃዱን ሲያድስለት ደግሞ የሚኖርበት ገንዘብ አለህ ወይ ብሎ እንደገና ይጠይቀዋል። ስለዚህ ተምሮ እስኪጨርስና በሙያው እስኪቀጠር፣ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ምንም አይጠብቁበት። «አይዞህ፣ እኛ ደህና ነን» ይበሉት፣ ባይሆንም እንኳ። ከዚያ በፊት በየወሩ ብር መላክ ከጀመረ ደስ አይበልዎት። ደውለው ሌሊት ሌሊት የት እንደሚያድር ይጠይቁት።